ከእርሳስ ወደ ኅትመት፦ የአንድ አዲስ ኦፔራ የመዝጊያ ቀን ማስታወሻ

እሑድ፣ የሰኔ መጨረሻ። ቦታው ከቱሉ ዲምቱ ወደ ኮዬ ፈጬ በሚወስደው መንገድ አቅራቢያ ያለ መጋዘን ነው፤ ወለሉ ሊሾ፣ ጣሪያው ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ። ኦፔራው ሁለት ገቢር አለው፤ ታሪኩ የኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች ለውሃ ወረፋ ይዘው የሚውሉበት አንድ ቀን ነው። 5 ነጠላ ዘፋኞች፣ 16 የኮረስ ድምፆች፣ 12 ተጫዋቾች አሉት፦ ሁለት ቫዮሊን፣ ቪዮላ፣ ቼሎ፣ ኮንትራባስ፣ ፍሉት፣ ክላሪኔት፣ ኪቦርድ፣ ክራር፣ መሲንቆ፣ ዋሽንትና ከበሮ። አምስቱን ጀሪካኖች የሚመታው ከኮረሱ አንዱ ባስ ነው። ከኪቦርዱ በቀር ድምፅ ማጉያ የሚገባለት የለም። ሰባተኛውና የመጨረሻው ትርኢት ዛሬ 9 ሰዓት ላይ ይጀምራል።

በመዝጊያ ቀን የሙዚቃው ደራሲ ዋና ሥራ ጭብጨባ መቀበል አይደለም። በስድስት ትርኢት ውስጥ በየኖታው ላይ በእርሳስ የተጻፈውን ሁሉ ማታ መጋዘኑ ከመቆለፉ በፊት መሰብሰብ ነው። ነገ ዘፋኞቹ ይበተናሉ፣ ቼሎው ወደ አከራዩ ይመለሳል፤ «ባር 88 ላይ የምናቆመው ለምን ነበር?» ተብሎ የሚጠየቅ ሰው አይገኝም (ባር ማለት ኖታው በቋሚ መስመር የተከፈለበት አንዱ ክፍል ነው)።

ጠዋት 1:30

ውስጡ 12 ዲግሪ ነው። ቧንቧው ከዓርብ ጀምሮ ደርቋል፣ የግቢው ሮቶም ባዶ ነው። ለጀሪካኖቹ የሚሆን 40 ሊትር ከጎረቤት ተቀዳ።

የጀሪካኖቹ አሠራር እንዲህ ነው። ባለ 20 ሊትሩ ቢጫ ጀሪካን ቆሞ አፉ በሸበጥ ሶል ሲመታ ድምፁን የሚሰጠው ግድግዳው ሳይሆን ውስጡ ያለው አየር ነው። ውሃ ሲጨመር አየሩ ያንሳል፣ ድምፁ ይቀጥናል። አየሩ በግማሽ ሲቀንስ ድምፁ ስድስት ግማሽ ድምፅ ከፍ ይላል፤ ሩቡ ብቻ ሲቀር አንድ ሙሉ ኦክታቭ (12 ግማሽ ድምፅ)። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ግማሽ ድምፅ የአየሩን መጠን በ0.891 ማባዛት ነው። ለመጀመሪያው ገቢር ቅኝት፣ ለትዝታ ሜጀር፣ የሚገባው ውሃ፦ አንደኛው ባዶ፣ ሁለተኛው 4.1 ሊትር፣ ሦስተኛው 7.4፣ አራተኛው 11.1፣ አምስተኛው 12.9። ለሁለተኛው ገቢር አምባሰል ደግሞ ባዶ፣ 2.2፣ 8.8፣ 11.1 እና 12.1። እስከ አፉ ሲሞላ ከ20 ሊትር በላይ የሚይዝ ጀሪካን ብዙ ስለሆነ መጀመሪያ ሙሉ መጠኑን ለክቶ በ20 ፈንታ ያንን ቁጥር ማስገባት ይሻላል። ፕላስቲኩም በምቱ ስለሚያብጥና ስለሚሰበሰብ ስሌቱ ቅርብ ያደርሳል እንጂ አይጨርስም፤ የቀረውን ጆሮ ነው የሚጨርሰው። በጆሮ ከተስተካከለ በኋላ የውሃው ልክ በወረቀት ፕላስተር ይሰመርበታል፤ ለትዝታ በሰማያዊ፣ ለአምባሰል በቀይ እስክሪብቶ።

ወጥመዱ ሙቀቱ ላይ ነው። በአየር የሚጮህ ሁሉ፣ ፍሉት ሆነ ዋሽንት ሆነ ጀሪካን፣ አየሩ በአንድ ዲግሪ በሞቀ ቁጥር ወደ 3 ሴንት ያህል ይቀጥናል፤ 100 ሴንት አንድ ግማሽ ድምፅ ነው። በ12 ዲግሪ በትክክል የተቃኘ ጀሪካን ሰው ሞልቶ 21 ዲግሪ ሲሆን 27 ሴንት ከፍ ብሎ ይገኛል፤ ኪቦርዱ ግን «ላ» የሚባለው ኖታ በ440 ኸርዝ እንዳለ ነው። በሁለተኛው ትርኢት «ክራሩ ወርዷል» ተብሎ የተወቀሰው ክራር ቅኝቱ ደህና ነበር፤ ዙሪያው ያሉት ናቸው የወጡበት። ከዚያ ወዲህ ጠዋት የሚቃኘው 25 ሴንት ዝቅ ተደርጎ ነው። ትኩስ የተቀዳ ቀዝቃዛ ውሃ በላዩ ያለውን አየር ስለሚያቀዘቅዝ አንድ ሰዓት ሳይቆይ መስመር አይሰመርም።

ፍሉትና ክላሪኔት መጋጠሚያቸውን ሳብ አድርገው ይወርዳሉ። ዋሽንት ግን አንዴ ተበስቷል፤ የከንፈር አያያዝ ጥቂት ሴንት ያድን ይሆናል እንጂ ከዚያ አያልፍም። ስለዚህ ሦስት ዋሽንት ይመጣል፣ ከመካከሉ አንዱ ለሞቀ አዳራሽ ተብሎ ትንሽ ረዘም ተደርጎ የተቆረጠ ነው።

2:40

ክራሩ ሁለት ነው፣ አንዱ በትዝታ አንዱ በአምባሰል ተቃኝቶ ይቀመጣል። በአንድ ክራር በዕረፍቱ መካከል ቅኝት መለወጥ ይቻላል፤ ግን አዲስ የተወጠረ ክር ቢያንስ አንድ ሩብ ሰዓት ወደ ኋላ ይላል፣ ያ ሩብ ሰዓት ደግሞ የገቢሩ ውብ ቦታ ነው። የከበሮውና የመሲንቆው ቆዳ በሌሊቱ እርጥበት ላልቷል። ከበሮው ደጅ ፀሐይ ላይ ወጣ። መሲንቆው አይወጣም፤ በአንድ ጊዜ ከተኮማተረ ቆዳው ጠርዙ ላይ ይቀደዳል። በጨርቅ ተጠቅልሎ ኪቦርዱ አጠገብ ይቆያል።

3:45

ከቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ የሚመጣው ቅዳሴ አበቃ። ከዚያ በፊት ምንም ቀረጻ አይሞከርም። አሁን ለማሟያ የሚቀረጹት አምስት ቦታዎች ናቸው፤ ሁሉም ጸጥ ያሉ፣ በትርኢት ላይ የሰው ሳልና የወንበር መጎተት የሚገባባቸው። ከዚህ ውስጥ ሁለቱን የገልባጭ መኪና ጡሩምባ አበላሽቷቸው ተደገሙ።

የልምምድ ምልክቶቹ ጉዳይ ዛሬም ጊዜ በላ። በኖታው ላይ የመለያ ፊደል ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ እየተባለ ነበር የተሰጠው፤ ሲያዩት ያምራል። የሙዚቃው መሪ «ከሀ እንጀምር» ሲል ግን ሀ፣ ሐ እና ኀ በድምፅ አንድ ስለሆኑ አዳራሹ ሦስት ቦታ ይከፈላል። ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀም እንዲሁ። በአዲሱ ኅትመት ፊደሉ ይወጣል፤ የባር ቁጥር ብቻ፣ በየመስመሩ መጀመሪያ፣ በጉልህ።

5:00

እርሳሱ። ረጅም ጠረጴዛ ላይ አንድ ንጹሕ ሙሉ ኖታ ተዘርግቶ የየሰዉ ኖታ በተራ እየመጣ ይነበባል። ሦስት ዓይነት ምልክት ይለያል፦ ለግለሰቡ ብቻ የሚሆን (መነፅር የተሣለበት፣ «ተመልከት» የሚል)፣ የመሪው ውሳኔ፣ እና የኖታ ስህተት። የመጀመሪያው ይቀራል። ሁለተኛው በሰማያዊ፣ ሦስተኛው በቀይ ወደ ንጹሑ ኖታ ይገለበጣል። የቪዮላው ባር 146 ላይ የጠፋ ፍላት (ኖታውን በግማሽ ድምፅ የሚያወርድ ምልክት) ስድስት ትርኢት ሙሉ በእርሳስ ብቻ ኖሯል።

ከስህተቶቹ ይበልጥ ሥራ የሚፈልገው ቃልና ዜማ የተጋጩበት ነው፤ አማርኛ ለኦፔራ የሚያስቸግረውም የሚያምረውም እዚህ ላይ ነው።

አንደኛ፣ መጥበቅና መላላት። ዘበኛው ባር 88 ላይ «ውሃ አለ» ይላል። ሲላላ አንድ ሰው «ውሃ» ብሎ ተናገረ ማለት ነው፤ ሲጠብቅ ውሃ ተገኘ። ዘበኛው አላልቶ ይናገራል፣ ወረፋው አጥብቆ ይሰማል፣ ግርግሩ ከዚያ ይነሣል። በመጀመሪያው ኖታ ሁለቱም በእኩል ሩብ ኖታ ተጽፈው ስለነበር ተመልካች ልዩነቱን አላገኘውም። አሁን የላላው ሁለት አጫጭር ስምንተኛ ኖታ ነው። የጠበቀው ግን ከኖታው በታች «አል-ለ» ተብሎ ይከፈላል፣ ልም በመጀመሪያው ኖታ ጭራ ላይ እየተዘመረች ይቆያል። ል፣ ም፣ ን እና ር ሲጠብቁ ድምፅ መሸከም ስለሚችሉ ዜማው አይቋረጥም። ከመድረኩ በላይ የሚወጣው ጽሑፍ ሌላ ችግር ነው፤ ትምህርተ ጥቅስ ቢገባበት ቀልዱን ይገድለዋል፣ ባይገባበት ያምታታል። ውሳኔው፦ ከባር 88 እስከ 91 ስክሪኑ ባዶ ይሁን፣ ኮረሱ ሲገባ ባር 92 ላይ ይብራ።

ሁለተኛ፣ የሚፈነዱት ፊደላት። «ውሃው መጣ!» ሲባል ጣ ጠባቂ ነው፣ ጥ ደግሞ ትንፋሽን ጨርሶ ይዘጋል። መ ላይ ባለነጥብ ግማሽ ኖታ ተጽፎ ነበር፤ ዘፋኞቹ ለጥ የሚሆን ቦታ ለመሥራት እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ጊዜ ያቋርጡታል፣ በ16 ድምፅ ሲሆን በረዶ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ይንጣጣል። የእርሳሱ መልስ፦ ግማሽ ኖታ፣ ከዚያ የሩብ ዕረፍት፣ ጣ በመሪው እጅ። ከኮረሱ ዜማ የተማሩት ከመ በላይ የጻፉት የዕረፍት ምልክት ሳይሆን የያሬዳዊውን ዜማ ምልክት «ቁርጥ»ን ነው። ይኸው ይቀራል። የዕረፍት ምልክት ዝም በል ይላል፤ ቁርጥ ግን እንዴት ዝም እንደሚባል ይናገራል። በመግቢያው ገጽ ላይ አንድ መስመር ማብራሪያ ይበቃዋል። ሌላው የያሬዳዊ ዜማ ምልክት፣ «ርክርክ»፣ የተጻፈባቸው አራት ቦታዎችም አሉ፤ እነሱ ግን በኖታ ይተነተናሉ፣ ምክንያቱም ቫዮሊኖቹ አብረው መጫወት አለባቸው።

ሦስተኛ፣ ሳድስ። «ውሃ ጥም» የሚለው ላይ ሶፕራኖዋ ከፍተኛውን ላ በጥ እንድትይዝ ነበር የተጻፈው። ሳድስ እዚያ ከፍታ ላይ አይከፈትም፤ ወይ ይታነቃል ወይ ወደ ግዕዝ ይንሸራተትና ሌላ ቃል ይሆናል። ግጥሙ «ውሃ ጠማኝ» ሆነ፣ ላው ማ ላይ ተቀመጠ። ም ስለምትጠብቅ መንደርደሪያም ሰጠቻት። ለወደፊቱ፦ ከፍ ያለና የሚረዝም ኖታ በተቻለ መጠን ራብዕ ላይ፣ ካልሆነ ግዕዝ ላይ። ካዕብና ሣልስ ለአጭር ብቻ።

እንዲህ መደለዝ አዲስ ነገር አይደለም። ጣሊያናዊው የኦፔራ ደራሲ ፑቺኒ «ማዳማ ባተርፍላይ»ን በየካቲት 17፣ 1904 እ.ኤ.አ. ሚላን ላይ አሳይቶ ሲከሽፍበት ረጅሙን ሁለተኛ ገቢር ለሁለት ከፍሎና ሌላም አስተካክሎ በግንቦት 28 ብሬሺያ ላይ እንደገና አቀረበው። ሦስት ወር ከምናምን ነው። እኛ ጋ ያለው ጊዜ እስከ ምሽት ነው።

6:30

ምሳ። የሰኔ ጾም ስለሆነ በየዓይነቱ። ነጠላ ዘፋኞቹ ሽሮና ምስር ከትርኢት በኋላ ብለው በሶና ሻይ ያዙ፤ በሆድ የሚተነፍስ ሰው የሚያውቀው ምክንያት አለው።

7:30

ማይክሮፎን። ለዋናው ቀረጻ ሁለት ኮንደንሰር ከመሪው ጀርባ በ3 ሜትር ከፍታ፣ በመካከላቸው 17 ሴንቲ ሜትር፣ አንግላቸው 110 ዲግሪ። ተጨማሪ ስድስት ቻናል፦ ክራር፣ መሲንቆ፣ ዋሽንት፣ ጀሪካን፣ ኮረስ ግራ፣ ኮረስ ቀኝ። ባለ 24 ቢት በ48 ኪሎ ኸርዝ፣ 8 ቻናል በሰዓት ወደ 4.15 ጊጋ ይወስዳል፤ ባለ 32 ጊጋ ካርድ ይበቃል። መቅጃው ከግድግዳ መብራት ሳይሆን ከፓወር ባንክ ይሠራል። በአራተኛው ትርኢት የጄኔሬተሩ 50 ኸርዝ ጉምጉምታ ከነ 100 ኸርዙ በኬብሉ ገብቶ የኮንትራባሱን ቀረጻ ከጥቅም ውጪ አድርጎታል።

ጄኔሬተሩ ከአጥሩ ጀርባ 40 ሜትር ርቆ ቆመ። ኬብሉ ባለ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ነው። በባለ 1.5 ተሞክሮ 16 አምፔር ሲጫን 15 ቮልት ያህል መንገድ ላይ ይጠፋ ነበር፤ በ2.5 ወደ 9 ወረደ። ኪቦርዱ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ የሚይዝ ባትሪ) ላይ ነው። ፕሮጀክተሩ አይደለም፤ ሁለተኛ ዩፒኤስ አልተገኘም።

8:40

ሰው መግባት ጀመረ፣ 17 ዲግሪ። ጀሪካኖቹ በሰማያዊው መስመር ላይ ናቸው፤ ከኪቦርዱ ጋር ሲተያዩ 10 ሴንት ዝቅ። ተው፣ አትንካው፣ ይሞቃል።

9:10፣ የመጀመሪያው ገቢር

ባር 31፦ ሁለተኛው ቫዮሊን አሁንም ቀድሞ ይገባል። ጥፋቱ የተጫዋቹ አይደለም፤ 14 ባር ዕረፍት ላይ ጠቋሚ ኖታ የለም። የክላሪኔቱ ዜማ በትንንሽ ኖታ ይግባ።

ባር 88፦ ላላ፣ ጠበቀ፣ ሳቅ። ባዶው ስክሪን ሠራ።

ባር 146፦ ፍላቱ አለ።

ባር 207፦ ዝናብ። መጀመሪያ ጠብ ጠብ፣ በአምስት ባር ውስጥ ዶፍ። እንዲህ ባለ ጣሪያ ሥር ነጠላ ድምፅ አይሰማም፣ ስለዚህ ከሦስተኛው ትርኢት ወዲህ ከባር 212 እስከ 219 ያለው መጠበቂያ ሆኗል። ስምንት ባር በችክችካ፣ 6/8፦ ከበሮ፣ ጀሪካን፣ ኮረሱ «ወረፋ» እያለ በሁለት ወገን ይቀባበላል፣ አውታሮቹ ዝም። መሪው ጡጫውን ከፍ አድርጎ እስከያዘ ይደገማል፤ እጁን ሲከፍት የያዙት ዙር ያልቅና ነጠላ ዘፋኙ ይገባል። ዛሬ 11 ጊዜ ተደገመ፤ አንዱ ዙር 16 ሴኮንድ ስለሆነ 3 ደቂቃ ሊሞላ 4 ሴኮንድ ቀረው። ከስድስተኛው ዙር በኋላ ከበሮው መሮጥ ይጀምራል፣ ከዝናቡ ጋር ሲፎካከር ጉልበት ይጨምራል፣ ጉልበት ፍጥነት ይስባል። መድኃኒቱ ጀሪካኑን የፍጥነት ጠባቂ ማድረግ ነው፤ የሸበጥ ምት ክብደት ስላለው እንደ ልብ አይሮጥም። በኅትመቱ «ከበሮው ጀሪካኑን ይከተል» ተብሎ ይግባ። ከስምንተኛው ዙር ጀምሮ ወንበር ላይ ያሉት ሰዎች «ወረፋ»ውን አብረው ይሉ ነበር። ይህ በኖታ አይጻፍም።

10:15፣ ዕረፍት

ከትዝታ ወደ አምባሰል፦ ከሁለተኛው ጀሪካን 1.9 ሊትር ይወጣል፣ ሦስተኛው ላይ 1.4 ይጨመራል፣ አራተኛው አይነካም፣ ከአምስተኛው 0.8 ይቀነሳል። ከሁለተኛው የወጣው ሦስተኛውን ስለሚሞላ አዲስ ውሃ አያስፈልግም፤ ሙቀቱም አንድ ዓይነት ይሆናል። በጆግ 4 ደቂቃ ይወስዳል። ክራሩ ተቀየረ። ከዝናቡ በኋላ አዳራሹ ወደ 18 ዲግሪ ስለወረደ ረዘም ባለው ዋሽንት ፈንታ መደበኛው ተያዘ።

10:52

መብራት ሄደ። የኖታ ማስቀመጫዎቹ ላይ ያሉት ቻርጅ የሚደረጉ አምፖሎች ስላሉ ተጫዋቹ አልቆመም፤ ኪቦርዱም አልጠፋም። ጄኔሬተሩ በ40 ሴኮንድ ተነሣ። ፕሮጀክተሩ ግን በድንገት ስለጠፋ አምፖሉ እስኪቀዘቅዝ አልበራም፣ ጽሑፉ ለሦስት ደቂቃ ያህል ጠፋ። ቋንቋው የሁሉም ስለሆነ ብዙም የጎደለ የለም። ለሚቀጥለው ጊዜ ዩፒኤሱ መጀመሪያ የሚገዛው ለፕሮጀክተሩ ነው።

ባር 388፦ «ውሃ ጠማኝ»። ላው ተያዘ፣ ሙሉ አራት ምት።

ባር 412፦ መሲንቆው ብቻውን ከዘፋኟ ጋር። የተጻፈው ኖታ ከሚጫወተው ጋር አይገናኝም፣ ከስድስቱ ትርኢት አንዱ እንኳ ከሌላው ጋር አንድ አይደለም። በኅትመቱ የዘፋኟ ዜማ ብቻ ይቀመጥ፤ ለመሲንቆው «ተከተል፣ ስትተነፍስ መልስ» የሚል በቂ ነው።

11:25

አለቀ። ተጫዋቾች ከመቀመጫቸው ሳይነሡ ኖታ ይሰበሰባል፤ ከተነሡ በኋላ ኖታ በቫዮሊን ቦርሳ ውስጥ ገብቶ ይሄዳል። 12 የተጫዋች፣ 5 የነጠላ፣ 16 የኮረስ፣ በድምሩ 33። የተገኘው 32። የጎደለው የሁለተኛው ቴኖር ነው፤ ደጅ ወንበር ሥር ዝናብ በልቶት ተገኘ። እርሳስ በውሃ አይለቅም፣ የቀለም ማተሚያው ጽሑፍ ነው የፈሰሰው፤ ማስታወሻዎቹ ከኖታው በላይ ቆይተዋል። ወረቀቱ ከመድረቁ በፊት በስልክ ፎቶ ተነሣ።

የዛሬው ቀረጻ ሁለት ቦታ ተገለበጠ። ካርዱ እስከ ነገ አይጠረግም።

12:10

መድረክ መፍታት። ቅደም ተከተሉ፦ መጀመሪያ የኪራይ መሣሪያዎች (ቼሎውና ኮንትራባሱ)፣ ቀጥሎ ኤሌክትሪክ፣ መጨረሻ እንጨትና ላሜራ። ተገልብጦ ሲሠራ ቼሎው ላይ ላሜራ ይወድቃል። አይሱዙው 1 ሰዓት ላይ ቆመ። የጫኝና አውራጅ ዋጋ ከሦስት ቀን በፊት በጽሑፍ ስለተቆረጠ ዛሬ በር ላይ ክርክር የለም።

ምሽት 1:50

ንጹሑ ኖታ ላይ 61 ሰማያዊ፣ 23 ቀይ። ያልተዘጋው አንድ ነው፤ ባር 301 ላይ ፍሉት «ቀስ» ክላሪኔት «ፈጠን» ብለው ጽፈዋል፣ መሪው ሁለቱንም እንዳልተናገረ ይናገራል። ቀረጻው ይፈታዋል።

በጀሪካኖቹ የቀረው 34 ሊትር ሊሾውን ለማጠብ ዋለ፤ ጭቃው ብዙ ስለነበር የመጨረሻው ጥግ አልደረሰውም። ባዶዎቹ አፋቸው ወደ ታች፣ ክዳናቸው ሳይገጠም ግድግዳ ላይ ተደገፉ።